ከድምጿ ሥር የሚንሿሿው

ገመዱም አይደለም እንግዲህ፣ ገመዱም ካልሆነ ምን ቀረ፣ ትናንት ከነላስቲኩ ያመጣው አዲስ የሄድፎን ገመድ ነው፣ እና ያው ነው፣ ከሚስቱ ድምፅ ሥር ሽሽሽ እያለ የሚንሿሿው ነገር ከቦታው ንቅንቅ አላለም፣ «ሲመሽ» ስትል ቃሉ ተፍቆ ነው የሚወጣው፣ ብርጭቆ በአሸዋ ሲታሽ እንደሚሰማው፣ ከዚያ ነጠላ ሰረዙ ላይ እንደ ልማዷ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ትንፋሹም ይሻክራል፣ ዝምታዋም ይሻክራል፣ ዝምታ ደግሞ እንዴት ይሻክራል። መልሶ ያጫውተዋል። ሽሽሽ። ትንሽ ወደ ኋላ ጎትቶ ያጫውተዋል። ሽሽሽ። እሺ አንተ፣ እስቲ የት እንደምትገባ አያለሁ፣ ይላል፣ የሚያናግረው ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ጥቁር ሳጥን ነው፣ በዚህ ቤት ሰው ከሰው ጋር መነጋገር ከተወ ሰንብቷል።

ሳጥኑ ኮምፒውተር ነው፣ ውስጡ ያለው ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ነው፣ ታናሽ ወንድሙ የጫነለት፣ ኮምፒውተር ጠግኖ የሚያድረው ወንድሙ፣ ጋሼ ይኼ ቫይረስ አያውቅ፣ ጣጣ አያውቅ፣ አንዴ ከተጫነ ተጫነ ነው ብሎ፣ ጣጣ አያውቅም ነው ያለው፣ ጉድ እኮ ነው። ድምፁን አንዱ ፕሮግራም ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል፣ ሌላው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ለሳውንድ ካርዱ፣ እንደ ሰፈር ወሬ ከቤት ቤት እየዞረ መጨረሻ ላይ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ሁሉንም አንድ በአንድ ይዞ መርምሯል፣ ድምፁ በሴኮንድ የሚከተፍበት ቁጥር አርባ አራት ሺህ ነበር፣ አርባ ስምንት ሺህ አደረገው፣ መልሶ ወደ አርባ አራት አወረደው፣ ፐልስኦዲዮ የሚባለውን አጥፍቶ ፓይፕዋየር የሚባለውን ጫነ፣ ሳውንድ ካርዱ ኃይል እቆጥባለሁ ብሎ በየመሀሉ እንዳያንቀላፋ ከለከለው፣ ማይኩ በገዛ ፈቃዱ ከፍ ዝቅ እንዳይል ቆለፈው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከኢንተርኔት ፎረም ላይ ያገኘውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል እየለቀመ ስክሪኑ ላይ በተከፈተው ጥቁር መስኮት ጻፈው። እኔ ዘንድ ሠርቷል ይላል ትእዛዙን የለጠፈው ሰው፣ ከሥሩ ሌላው እኔ ዘንድ ግን አልሠራም ይላል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላለም፣ ዓመታት አልፈዋል፣ ያ ያልሠራለት ሰውዬ ምን ሆኖ ይሆን፣ ትቶት ተነሣ ወይስ እስካሁን እንደ እኔ ተጎልቷል።

ሄድፎኑን ያስተካክላል፣ ማለትም የግራውን ጎን ግራ ጆሮው ላይ አጥብቆ የቀኙን ከጆሮው ኋላ ይገፋዋል፣ እንዲህ ነው የሚያዳምጠው፣ ሬዲዮ ጣቢያ ከተቀጠረ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ አንድ ጆሮ ለማሽኑ፣ አንድ ጆሮ ለክፍሉ፣ ያሠለጠነው ሽማግሌ ቴክኒሻን ነው ያስያዘው፣ ሁለቱንም ለማሽን ከሰጠህ ስቱዲዮው ቢቃጠል አትሰማም እያለ፣ በቀኙ የአለቃን ጥሪ፣ በቀኙ የበሩን መንኳኳት፣ በግራው ቴፑን፣ ዕድሜውን ሙሉ በግራው ቴፑን። ግራ ጆሮው ናት ያስከበረችው፣ ጣቢያው ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፣ ጆሮ ነበር የሚሉት፣ ጆሮን ጥሩት፣ ጆሮ ይስማው፣ ጆሮ ካሳለፈው አለፈ፣ ዜና አንባቢው ጥርስ መነቀሉን ከድምፁ ያውቅበት ነበር፣ የመለኪያው መርፌ ደህና ነው ሲል እሱ የለም ይላል፣ ይፈተሻል፣ እሱ ልክ ይሆናል፣ መርፌ ምን ያውቃል። አሁንም ስክሪኑ ላይ ያለው መለኪያ ደህና ነው ይላል፣ እሷ ዝም ያለችበት ቦታ ላይ መስመሩ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል፣ ምንም የለም ይላል፣ አለ እንጂ፣ በጆሮዬ እየሰማሁት። መለኪያውም ተበላሽቷል ማለት ነው። ምን ያልተበላሸ ነገር አለ በዚህ ቤት።

ቁም ሳጥኑ ከኋላው አፉን ከፍቷል፣ ከካፖርቶቹ መሀል የእሷ በርጩማ አለ፣ ማይኩ ከልብስ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል፣ እዚያ ገብታ ነው የምታነበው፣ ልብስ ድምፅ ስለሚውጥ፣ መስኮቱም ላይ ፍራሽ ተደግፏል። ጣቢያው ውስጥ ለልጆች ተረት ታነብ ነበር ሲያውቃት፣ ጡረታ ሲወጡ ይኼን ያዙ፣ እሷ መጽሐፍ ታነባለች፣ እሱ ይቀዳል፣ ያጸዳል፣ ይልካል፣ ማንበብ ያልቻለ ሁሉ ያዳምጣታል፣ ዓይኑ የጠፋ፣ አልጋ ላይ የዋለ፣ መሪ የጨበጠ፣ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ደውሎ እትዬ እርስዎ ባያነቡልኝ ኖሮ እንቅልፍ ጥሎኝ ገደል ገብቼ ነበር ያላት ጊዜ እንዴት እንደሳቀች፣ ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ባነሣች ቁጥር ገደል ገብቼ ነበር እያለች፣ በሹፌሩ ድምፅ፣ ጎርነን አድርጋ። አሁን አትስቅም። አሁን ታጨበጭባለች፣ አንዴ ካጨበጨበች ምሳ ነው፣ ሁለቴ ካጨበጨበች ስልክ ነው፣ ለብ ያለ ውሃዋን ይዛ በጓዳና በሳሎን መሀል ትመላለሳለች፣ ልጆቹ ሲደውሉ ስልኩን ለእሱ ታቀብለዋለች፣ እማማስ ይላሉ፣ ድምጿን እያሳረፈች ነው ይላል እሱ፣ ልብስ ስታጥፍ እንኳ የምታንጎራጉር ሴት ነበረች።

ማን ዝም አሰኛት፣ አትጠይቅ፣ ሥራህን ሥራ። ሥራውን ይሠራል፣ የዩኤስቢውን መሰኪያ ነቅሎ ወደ ኋላው ቀዳዳ ያዛውረዋል፣ ያዳምጣል፣ ያው ነው፣ ሽሽሽታውን መጀመሪያ የሰማ ቀን ሄድፎኑን ከጆሮው ሳያነሣ ነበር የጠራት፣ ስሚ፣ ጉሮሮሽን ያምሻል እንዴ፣ አያመኝም፣ ምነው፣ ድምፅሽ ሻክሯል፣ አሁን አለችው፣ አሁንም፣ ሰሞኑንም፣ ኮምፒውተሩም ሊሆን ይችላል ግን አንቺም ብትታዪ አይከፋም። አንቺም አላት፣ እንደ ዋዛ። እሷም አመነች፣ ጆሮ ካለ አለ ነው፣ ትዳሯን ሙሉ ያመነችውን ዛሬ ብድግ ብላ አትጠራጠረው። ሐኪሙ በብርሃን አይቶ ምንም የለም አለ፣ ለማንኛውም ድምፅዎን ያሳርፉ አለ፣ ያ ለማንኛውም የሚለው ቃል ነው ቤቱን ያፈረሰው። ለማንኛውም ብላ ማንጎራጎር ተወች፣ ለማንኛውም ብላ ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ ማውራት ተወች፣ ሲቀዱ ብቻ አፏን ትከፍታለች፣ ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ወጥታ ፊቱን ታየዋለች፣ እንዴት ነበር አትልም፣ ፊቱን ብቻ ታያለች፣ እሱ ደግሞ ፊቱን መደበቅ አያውቅበትም።

አስተባባሪዋስ፣ ያቺ የድምፅ መጻሕፍት ድርጅቱ ልጅ፣ ትሑት ናት፣ ሥራ ስትመልስ እንኳ ይቅርታ አድርጉልኝ እያለች ነው፣ እትዬ ምን ሆኑ፣ ድምፃቸው ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ ይመስላል፣ ታፍኗል፣ አድማጮችም እየጠየቁ ነው አለችው። መታፈኑን እሱም ያውቃል፣ ማን ሆነና ያፈነው። ዝም ካለችበት ቦታ ቁራጭ ወስደህ ለማጣሪያው ፕሮግራም ታሳየዋለህ፣ ይኼ ቆሻሻ ነው፣ ከሁሉም ቦታ ጥረግልኝ ትለዋለህ፣ ጠረገው፣ ሽሽሽታው አልጠፋም፣ አጥብቀህ ጥረግ አለው፣ አልጠፋም፣ መጨረሻ ላይ ከድምጿ ጫፍ ያለውን ቀጭኑን ሁሉ ቆርጦ ጣለው፣ ቃል የሚያበራበትን፣ ሰው ከንፈሯን የሚያይ የሚመስለውን፣ ያ ከሄደ በኋላ የቀረው እንጨት ነው፣ እንጨት ይሁን አለ፣ ሽሽሽታ ያለበት ሥራ ከጆሮ እጅ አይወጣም። ለእሷ ግን ድምፅሽ ታፍኗል አሉ ብሎ ብቻ ነገራት፣ ስለ መቁረጡ አላነሣም፣ የቴክኒክ ነገር ነው፣ ምን ብሎ ያስረዳታል። ቅስሟ ሲሰበር ፊት ለፊቱ ቆማ ነበር። ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ ወንበር ፈልጋ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

እና ዛሬ ጠዋት፣ እዚሁ በር ላይ፣ ያለ ጭብጨባ፣ በአፏ፣ ከምሳ በኋላ ለልጅቷ እደውልላታለሁ፣ መጽሐፉን ለሌላ አንባቢ ትስጠው፣ ይበቃኛል አለችው። ምኑ ነው የሚበቃሽ፣ ቆይ እንጂ፣ ኮምፒውተሩ ነው እያልኩሽ፣ እስከዚያ ስጪኝ፣ አገኘዋለሁ። አየችው፣ ረጅም አየችው፣ ማሽኑን የምትወነጅለው ለእኔ ብለህ ነው አለችው፣ ይገባኛል፣ ተው፣ ማርጀት ነውር አይደለም። እንዲህ ብላ ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ሄደች፣ እሱን ልታጽናና፣ እሷ እሱን። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከወንበሩ አልተነሣም፣ አንዴ ስታጨበጭብ ምሳ አልበላም ብሎ ጮኸላት፣ አሁን ሳህን ሲታጠብ ይሰማል፣ አንድ ሳህን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ሳህኑ ሲያልቅ እጇን ታደርቃለች፣ ስልኳን ታነሣለች፣ ከዚያ በኋላ ድምጿ የማንም ድምፅ ነው፣ የሻይ አለ ወይ ድምፅ፣ የማነው በር የሚያንኳኳው ድምፅ።

ወንድሙ ዘንድ ይደውላል፣ ስልኩን በቀኝ ጆሮው ይዞ፣ ሃሎ ጋሼ፣ አሁንም ያው ነው እንዳትለኝ፣ ያው ነው፣ ገመዱንም ቀየርኩት፣ በስፒከርስ፣ በስፒከር ብዙም አይሰማም፣ ርካሽ ስፒከር ነው ይደብቀዋል፣ ጋሼ የላክህልኝን እኮ አዳመጥኩት፣ ምንም የለበትም፣ አንተ ደግሞ ምን ጆሮ አለህና፣ ከት ብሎ ይስቃል፣ እሱስ እውነትህን ነው፣ በል አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግራና ቀኙን ለይተህ ሞክር፣ ለዚሁ የተሠራ ትእዛዝ አለ፣ እልክልሃለሁ፣ አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ግራ ትላለች፣ ቀኝ ትላለች፣ በየጎኑ እየተመላለሰች፣ ሄድፎኑን ግን እንደ ሰው አድርገው፣ ሁለቱንም ጆሮ፣ እንደዚያ እንደ ጠማማ ቆብ ወዲያ ወዲህ አታድርገው፣ ከአንዱ ጎን ብቻ ከተበላሸ መሰኪያው ነው፣ ብየዳው ለቆ ይሆናል፣ ለእኔ ኢምንት ነገር ነው፣ አመሻሹ ላይ መጥቼ እሠራዋለሁ። አመሻሹ ላይ፣ ይላል በልቡ፣ አመሻሹ ላይማ አልቋል።

ይጽፋል፣ ፊደል ይስታል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል፣ የቀኙን ጎን ከጆሮው ኋላ አምጥቶ ያለብሰዋል፣ ይጨንቃል፣ ሁለቱንም መሸፈን ውሃ ውስጥ እንደ መግባት ነው፣ ቤቱ ጠፋ፣ የሳህኑ ድምፅ ጠፋ፣ ቁልፉን ይጫናል። ግራ፣ ትላለች ሴትዮዋ፣ ሻካራ ናት፣ ተፍቃ የወጣች፣ ሽሽሽታዋን አዝላ። ቀኝ፣ ትላለች። እንዴ። ቀኝ ጥርት ያለች ናት፣ እንደ ንጋት ውሃ፣ ከንፈሯ ሲላቀቅ እንኳ ይሰማል። ግራ፣ ሻካራ። ቀኝ፣ ጥርት። ተገኘህ፣ ተገኘህ አንተ፣ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ብድግ ይላል፣ የግራው መስመር ነው፣ ከኋላ ያለው ቀዳዳ፣ ብየዳው፣ የሆነች አንዲት ቀጭን ሽቦ፣ ድምጿ አይደለም፣ አንቺ ሴት ድምፅሽ አይደለም፣ ሊጠራት አፉን ይከፍታል፣ ነይ፣ ነይ ስሚ፣ አትደውዪ፣ እኔ ምን አልኩሽ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ግማሽ ቆሟል፣ ሴትዮዋ ግን ግራ ቀኝ ማለቷን አላቋረጠችም።

ቆይ። አረጋግጥ። ይኼን ያስተማረው ያው ሽማግሌ ነው፣ ጥፋቱን አገኘሁ ብለህ ከመጮህህ በፊት ገልብጠህ እየው፣ ጥፋቱ ከሽቦው ጋር ከሄደ የሽቦው ነው። ምን ቆምክ፣ ሂድና ጥራት፣ ሳህኑ እኮ አለቀ። አይ፣ እጅ ልማዱን ያውቃል፣ እጁ ራሱ ሄዶ ሄድፎኑን ያነሣና አዙሮ ያጠልቀዋል፣ የግራው ጎን በቀኝ፣ የቀኙ ጎን በግራ፣ አሁን ሻካራው ወደ ቀኝ ጆሮ ይመጣል፣ ይምጣ፣ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል። ግራ፣ ትላለች ሴትዮዋ በቀኝ ጆሮው። ጥርት ያለች። ቀኝ፣ ትላለች በግራ ጆሮው። ሽሽሽ።

አይደለም። በትክክል አላዞርኩትም። አውልቆ ያየዋል፣ ጎኖቹ ላይ ያሉትን ፊደሎች ያያል፣ በትክክል ነው የዞረው፣ መልሶ ያጠልቃል፣ ያዞራል፣ ያጠልቃል፣ ሴትዮዋ ምን ቸገራት፣ የትም ትሁን የት በቀኙ ስትመጣ ሰው ናት፣ በግራው ስትመጣ ፍቅፋቂ፣ ሽቦው ቢገለበጥ፣ ጎኑ ቢገለበጥ፣ ዓለም ቢገለበጥ ጥፋቱ ከዚያች ከግራዋ አይወርድም፣ ከሽቦው ጋር አልሄደም፣ ከእኔ ጋር ነው የቀረው። እጁን ቁልፉ ላይ ጭኖ ሴትዮዋን ያጠፋታል። ፀጥ። ሽሽሽ። ዝም በይ እኮ አልኩሽ። ሽሽሽ። ጠፍታለች፣ ማሽኑ ምንም አያጫውትም፣ ሄድፎኑ ጆሮውን ደፍኖታል፣ እና አለ፣ ከግራ ጎኑ፣ ከራሱ ውስጥ፣ የአየር ማራገቢያው ነው ሲለው የኖረው፣ መንገዱ ነው ሲለው የኖረው፣ ስንት ጊዜ ነው ሄድፎኑን አውልቆ ተኝቶ እንኳ ፍሪጁ ነው ያለው። ፍሪጁ አይደለም አንተ ሰው። ዕድሜህን ሙሉ ጩኸት ያፈሰስክባት ያቺው አንዷ ጆሮህ ናት፣ ቴፕ፣ ፉጨት፣ ከበሮ፣ የሙከራ ድምፅ፣ ሁሉን ችላ ችላ በቃኝ ብላለች፣ ዓለም ደግሞ በቀኙ እየገባለት ስለኖረ ማሽኑ ብቻ የተበላሸ መስሎታል።

እስቲ እሷን። በዚች በቀኟ እሷን። ያልተነካውን፣ ያልተጠረገውን፣ ልክ ከአፏ እንደወጣ የተቀዳውን ይከፍታል፣ የግራውን ጎን አንሥቶ የቀኙን ብቻ ያስቀራል፣ ሲመሽ፣ ትላለች፣ ሲመሽ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ አምላኬ፣ ይቺ ናት፣ ተረት ስታነብ በመስታወቱ ወዲያ ቆሞ የሚያያት ልጅ፣ ጎልምሳ፣ ወፍራ፣ ከታች ትንሽ ጎርነን ብላ፣ ከድሮውም በልጣ፣ ትንፋሿ ንጹህ፣ ዝምታዋ ንጹህ፣ መስመሩ እንዳለው፣ መርፌው እንዳለው፣ ምንም የለበትም። ያለፈው ሳምንት ቅጂ ነው። ያለፈው ሳምንት ከቁም ሳጥኑ ስትወጣ ምን ዓይነት ፊት አሳያት፣ አሁን እንዴት እንባ መጣ፣ የማነው እንባ፣ ደህና ነበረች እኮ፣ ሁልጊዜም ደህና ነበረች፣ ጥቂት በጥቂት የገደላት እሱ ነው፣ በመቀስ፣ በማጣሪያ፣ በፊቱ።

እግሯ ይሰማል። በቀኙ ነው የሚሰማው፣ ሁሉም ነገር በቀኙ ነው የሚሰማው፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ነው፣ አልደወለችም፣ ወይስ ደውላለች፣ ገመዱ ነው ብል፣ ይላል ሐሳቡ፣ በፍጥነት ነው የሚያስበው፣ እንደ ሌባ፣ ገመዱ ነበር አገኘሁት ብላት ታምናለች፣ ደስ ይላታል፣ ከዚህ በኋላ ሄድፎኑን በቀኝ አደርጋለሁ፣ ማን ያውቅብኛል፣ ማጣሪያውን እተወዋለሁ፣ ሁሉም ሰው ኮምፒውተሩ ነበር ይላል፣ ወንድሜም መሰኪያ ይቀይራል፣ ጆሮም ጆሮ ሆኖ ይኖራል፣ ምን ችግር አለው፣ ማን ተጎዳ፣ እሷ። እሷ ተጎዳች እንጂ። ደግሞስ ቀኟም ነገ በቃኝ ብትል፣ ያኔ ማንን ሐኪም ቤት ልትልክ ነው፣ ማንን ዝም ልታሰኝ ነው።

በር ላይ ቆማለች፣ ስልኳን በእጇ ይዛ፣ ነገርኳት ትላለች፣ በዝቅታ፣ ድምፅ የምትቆጥብ ሰው አነጋገር፣ ነገርኳት፣ አዘነች ልጅቷ፣ ለሌላ አንባቢ ለመስጠት እስከ ማታ ታስብበታለች፣ በል አንተም ተነሣ፣ ብላ፣ ምሳህ ቀዝቅዟል። ፊቷ ቀሎታል፣ ይኼ ነው የሚያስጠላው፣ ሸክሙን ያወረደ ሰው ፊት። ነይ ተቀመጪ፣ ይላታል። ምነው፣ ተቀመጪ ብዬሻለሁ፣ በእናትሽ። ትቀመጣለች፣ በእሱ ወንበር፣ እሱ ይቆማል፣ ሄድፎኑን ጸጉሯን እየለየ ያጠልቅላታል፣ ሁለቱንም ጆሮ፣ ያልተነካውን ይከፍትላታል፣ ይጫናል።

እሱ ምንም አይሰማም፣ ሄድፎኑ እሷ ጋ ነው፣ ከግራው ሽሽሽ ከሚለው በቀር ምንም፣ ስለዚህ ፊቷን ያያል። መጀመሪያ ግንባሯ ተኮማትሯል፣ መጥፎ ነገር ለመስማት የተዘጋጀ ሰው፣ ከዚያ ይፈታል፣ ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ከራሷ ጋር አብራ ታነባለች፣ ያለ ድምፅ፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ አፏ ጥግ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ይመጣል፣ ራሷን ወደደች፣ ስንት ጊዜ ሆናት ራሷን ከወደደች፣ ይኼ ነው ሊያየው የፈለገው፣ እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበር። አያቆምም። ፈገግታው እዚያው እንዳለ ዓይኗ ይዞራል፣ ወደ እሱ፣ ሄድፎኑን አውልቃ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች።

የመቼ ነው ይኼ። ያለፈው ሳምንት። ምን አደረግክበት። ምንም፣ ልክ እንደወጣ ነው። ታዲያ ለልጅቷ የላክኸው። እሱን ቆራርጬዋለሁ። ለምን። ይሻክር ነበር። የቱ ጋ ነው የሚሻክረው። የግራ ጆሮውን በጣቱ ይነካል፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣ የት ነው ያመመህ ሲባል እንደሚያሳይ። ትገነዘባለች፣ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲገባ ያየዋል፣ መጀመሪያ እሱን ታዝንለታለች፣ እጇ ወደ ጉንጩ ግማሽ መንገድ ይመጣል፣ ከዚያ ይቆማል፣ የራሷ ጉዳይ ትዝ አላት፣ ያ ሁሉ ለብ ያለ ውሃ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ልጆቿን በስልክ ያላናገረችበት፣ ሐኪሙ አፏን ያስከፈተበት፣ እጇ ወደ ጭኗ ይመለሳል። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው፣ ትለዋለች። አሁን ነው ያወቅኩት፣ አሁን አንቺ ሳህን ስታጥቢ። መለኪያው ምን ይል ነበር። መለኪያው። አዎ መለኪያው፣ አንተ ነህ እኮ ያሳየኸኝ፣ ያ መስመር ምን ይል ነበር። ደህና ነው ይል ነበር። ሁልጊዜ። ሁልጊዜ። ሐኪሙም ደህና ነሽ አለኝ፣ ትላለች፣ መለኪያህም ደህና ናት አለህ፣ ሁሉም ደህና ነሽ ሲለኝ እኔ አንተን አመንኩ።

ይቅር በዪኝ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ አለ፣ ትንሽ ነው፣ እፍረት ይዞት አይወጣም፣ እሷ ትነሣለች፣ ሄድፎኑን ጠረጴዛው ላይ ታኖረዋለች፣ በቀስታ፣ ዕቃ መወርወር አታውቅበትም፣ በአጠገቡ አልፋ ወደ ሳሎን ትወጣለች፣ በሩን አትዘጋውም። ቆይ፣ እኔ ልደውል፣ እኔ ላስረዳት፣ ይላል፣ ይላል ወይስ አሰበው፣ አልሰማችውም። ቆሞ ይቀራል፣ ቀኝ ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ፣ ስልክ ሲጠራ ይሰማል፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ከዚያ ትናገራለች፣ ሳትቆጥብ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ሃሎ የኔ ልጅ፣ እኔው ነኝ፣ ቅድም ያልኩሽን ተዪው፣ ድምፄ ምንም አልሆነም፣ መጽሐፉን እጨርሰዋለሁ፣ አዎ፣ አዎ ደስ ይበልሽ፣ አንድ ነገር ብቻ አለ፣ የሚቀዳልኝ ሌላ ሰው ፈልጉልኝ። ቤቱ በድምጿ ይሞላል፣ ከግድግዳው፣ ከፍራሹ፣ ከካፖርቶቹ ላይ፣ እያንዳንዱ ቃል ጫፍ ጫፉ ሳይቀር፣ ሌላ ሰው ስትል ትንሽ እንደ ቆመችም ሰምቷል፣ ትንፋሽ እንደወሰደች፣ ቀኝ እጁ ሳያስበው ወደ መቅጃው ቁልፍ ሄዷል፣ ቢቀዳው ኖሮ አንዲት ነገር አይነካበትም ነበር፣ እንዳለ ነበር የሚልከው።